የፊት ቅባቱና የአክስቴ ጥያቄ

በቅርቡ በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩን ያስነሣው የፖለቲካ ጉዳይ ወይም የፈተና ውጤት ሳይሆን፥ አንድ ባልንጀራችን ገዝቶ ያመጣው አነስተኛ የቅባት ብልቃጥ ነው። በብልቃጡ ላይ «ፔፕታይድ» የሚል ቃል በወርቃማ ቀለም ተጽፎበታል፤ ከሥሩም ቅባቱ እርጅናን እንደሚከላከልና የፊትን መጨማደድ እንደሚያጠፋ ተገልጿል። ባለቤቱ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነው። ወዲያው ክፍሉ በሁለት ወገን ተከፈለ። አንደኛው ወገን «ይህ ሳይንስ ነውና የማታውቁትን አትንቀፉ» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ይህ የሥራ ፈት ቅንጦት ነው» ሲል መለሰ። እኔም ከሁለቱ ከማናቸውም ጋር መስማማት ስላልቻልሁ ይህን አስተያየት ለመጻፍ ተነሣሁ።

አንዳንድ አንባቢ «የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ፊት ቅባት ምን አገባው?» ይል ይሆናል። ያገባኛል፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው።

ባለፈው ጥር ለዕረፍት ወደ አገሬ ወደ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ በምዕራብ በኩል፥ ከደሴ ተነሥተው አቀስታን አልፈው የሚደርሱባት የቦረና ከተማ ናት። አክስቴ ከከተማው ጥቂት ወጣ ብላ ትኖራለች። ልጇ ወደ ጅዳ ከሄደች አራት ዓመት አልፏታል፤ በዚያም በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከእኛ አገር እኅት ወይም ልጅ ወደ ዐረብ አገር ያላሻገረ ቤተ ዘመድ ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን የወሎ ልጆች ሁሉ ታውቃላችሁ። ያች ልጅ በሰው እጅ ለእናቷ አንድ ሻንጣ ልካ ኖሮ ስንከፍተው፥ ከቀሚሱና ከሻርፑ ሥር ያ «ፔፕታይድ» የሚል ቃል የተጻፈበት የቅባት ብልቃጥ ተገኘ። ለካ ልጅቱ በስልክ የእናቷን ፊት ባየች ጊዜ እናቴ አረጀችብኝ ብላ ደንግጣ ነበር።

አክስቴ ብልቃጡን አገላብጣ አየችና ወደ እኔ ዘረጋችው። «አንተ የተማርህ ነህ፤ እስቲ አንብብልኝ። እውነት ፊቴን ይመልስልኛል?» አለችኝ።

አነበብሁላት። ነገር ግን ፊደሉን ማንበብ ሌላ፥ ነገሩን ማወቅ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ያህል ዓመት ተምሬ፥ የነጋዴውን ማስታወቂያ ወደ አማርኛ ከመገልበጥ በቀር አንዲት ቃል ልጨምርላት አልቻልሁም። እጅግ አፈርሁ። ወደ ትምህርት ቤት ከተመለስሁ በኋላ የኬሚስትሪና የፋርማሲ ጓደኞቼን እየጠየቅሁ፥ የምችለውን ያህልም እያነበብሁ ነገሩን መረመርሁት። ያገኘሁትን እነሆ።

ቆዳችን ከተሠራባቸው ነገሮች ዋነኛው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ደግሞ አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች የተያያዘ ነው። አሚኖ አሲዱን እንደ ዶቃ፥ ፕሮቲኑን ብዙ ዶቃ እንደ ተሰካበት ረጅም ክር አድርጋችሁ አስቡት። ጥቂት ዶቃ ብቻ ያለበት አጭር ክር ፔፕታይድ ይባላል። ለቆዳ ጥንካሬ የሚሰጠው ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ሦስት ክር እንደ ገመድ ተገምዶ የተሠራ ነው። ዕድሜና ፀሐይ ይህን ገመድ እየበጣጠሱ ሲሄዱ ቆዳው ይላላል፤ መሥመርም ያወጣል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ካታያማ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከኮላጅን መነሻ ላይ የተገኘ አንድ ባለአምስት ዶቃ ቁራጭ መረመረ። ይህ ቁራጭ በላቦራቶሪ ለሚያድጉ ሕዋሳት በተሰጣቸው ጊዜ ኮላጅን አብዝተው እንዲሠሩ አነሣሣቸው። ገመዱ ሲበጠስ ስብርባሪው ራሱ መልእክተኛ ሆኖ «ተበጥሷልና ጠግኑ» እያለ የሚናገር ይመስላል። ስለዚህ «ሳይንስ ነው» ያሉት ጓደኞቼ ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። ሐሳቡ እውነተኛ መነሻ አለው።

ይሁን እንጂ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያለ ሕዋስ በር የለውም፤ የሰው ፊት ግን በር አለው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን የተሠራው የውጩን ነገር ወደ ውስጥ ላለማስገባት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ቦስና ማይናርዲ የተባሉ ሊቃውንት እንደጻፉት፥ ክብደቱ ከ500 ዳልተን የሚበልጥ ነገር ያን በር አልፎ ለመግባት እጅግ ይቸገራል። ዳልተን የጥቃቅን ነገሮች ክብደት መለኪያ ነው። ባለአምስት ዶቃው ቁራጭ ብቻውን ከ500 ያልፋል። የቆዳው በር ስብ ስለሚወድም ፓልሚቲክ አሲድ የተባለ ስብ ይቀጠልበታል፤ በዚህ ጊዜ ክብደቱ ወደ 800 ይደርሳል። ይኸው ስብ በቅቤያችን ውስጥ በብዛት የሚገኝ ነው። ይህን ማለቴ ግን ቅቤና ፔፕታይድ አንድ ናቸው ለማለት አይደለም።

ነገሩ በሰው ፊት ላይም ተሞክሯል። በ2005 በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 55 የሆነ 93 ሴቶች ለ12 ሳምንት ያህል በግማሽ ፊታቸው ተራ ማለስለሻ፥ በሌላው ግማሽ ፔፕታይድ የተጨመረበትን ያንኑ ማለስለሻ ተቀቡ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ተቀቢዎቹም መርማሪዎቹም እንዳያውቁ ተደርጎ ነበር። ይህ የሚመሰገን አሠራር ነው። በመጨረሻም ፔፕታይድ ያለበት ወገን በመጠኑ ተሽሎ ተገኘ።

እዚህ ላይ ግን ሦስት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፥ መሻሻሉ ትንሽ ነው፤ ማስታወቂያው እንደሚለው መጨማደድን የሚያጠፋ አይደለም። ሁለተኛ፥ ጥናቱን ያካሄዱት ራሱ ቅባት የሚሸጠው የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያ ሰዎች ናቸው። ይህ ሐሰት ነው አያሰኝም፤ ሆኖም ፈራጁ የባለጉዳዩ ዘመድ በሆነ ጊዜ ሌላ ምስክር መፈለግ የአባቶቻችን ልማድ ነው። ሦስተኛ፥ የተመረመሩት ሁሉ ነጮች ናቸው። የአክስቴን ቆዳ የመሰለ ቆዳ በዚያ ጥናት ውስጥ አልነበረም።

የፔፕታይዱም መጠን የሚያስገርም ነው። በጥናቱ የተጨመረው በአንድ ሚሊዮን እጅ ሦስት እጅ ብቻ ነው። አንድ ባለ50 ግራም ብልቃጥ በዚህ ሒሳብ ቢሠራ በውስጡ የሚኖረው ፔፕታይድ 0.15 ሚሊግራም ነው። ቀሪው ውኃ፥ ግሊሰሪን፥ ዘይት፥ ሽቶና እንዳይበላሽ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። በብልቃጥ ላይ የሚጻፈው ዝርዝር በደንቡ መሠረት ብዙ ካለው ተነሥቶ ጥቂት ወዳለው ይወርዳል፤ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞሉት ግን በመጨረሻ ላይ እንደተፈለገ ይደረደራሉ። በአክስቴ ብልቃጥ ላይ ውኃ መጀመሪያ፥ ግሊሰሪን ሁለተኛ ነበሩ። በፊት ለፊት በወርቅ የተጻፈው ፔፕታይድ ግን በጀርባው ከጅራቶቹ መካከል ተቀምጧል።

እንግዲህ ቅባቱ ከንቱ ነው ወይ? አይደለም። ግሊሰሪኑ ውኃ ይይዛል፤ ዘይቱም ውኃው እንዳይተን ይከላከላል። ቆዳ ውኃ ሲጠግብ ቀጫጭን መሥመሮች ለጥቂት ሰዓት ይደበዝዛሉ። ተቀቢው በማግሥቱ በመስተዋት የሚያየው ለውጥ በአብዛኛው ይህ ነው። ነገር ግን ይህን ሥራ በየሱቁ የሚሸጠው ግሊሰሪንና ቫዝሊንም ያከናውኑታል። ውኃ እንዳይተን በመከልከል ረገድማ ቫዝሊንን የሚያህል ጥቂት ነው። ስለዚህ የምንከፍለው ትልቁ ዋጋ ለትንሹ ነገር ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለባልንጀራዬ ከነገርሁት በኋላ «እንግዲያው ለ12 ሳምንት ግማሽ ፊትህን በቅባትህ፥ ግማሹን በቫዝሊን ቀብተህ እንየው» ብለው፥ «ለሴት ጓደኛዬ በየትኛው ጎን ልቁምላት?» ብሎ ክፍሉን በሳቅ ሞላው።

አሁን ወደ አክስቴ ፊት እንመለስ። ፊቷን ማን አስረጀው? ዕድሜ ብቻ አይደለም። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው የማይታየው የፀሐይ ጨረር በመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል፤ የሚሰማን ሙቀቱ፥ የሚያስረጀን ግን ጨረሩ መሆኑን እንዘነጋለን። በ2012 አንድ የሕክምና መጽሔት የ69 ዓመት የጭነት መኪና ነጂ ፎቶግራፍ አትሞ ነበር። ሰውየው 28 ዓመት ሲነዳ በመስኮቱ በኩል ፀሐይ የመታው የግራ ፊቱ እጅግ ተጨማድዶ፥ የቀኙ ግን ደኅና ሆኖ ይታያል። ዕድሜው አንድ፥ ፊቱ ግን ሁለት ነው።

በአውስትራሊያ ናምቡር በተባለች ከተማ የተደረገውና በ2013 የታተመው ጥናት ደግሞ 903 ሰዎችን ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትሏል። በየቀኑ የፀሐይ መከላከያ ቅባት እንዲቀቡ የተደረጉት፥ እንደ ፈቃዳቸው ከተተዉት ይልቅ የቆዳቸው እርጅና በመቶ 24 አንሶ ተገኝቷል። እነዚህም በአብዛኛው ነጮች ናቸው ብትሉኝ ልክ ናችሁ፤ በፔፕታይዱ ላይ ያነሣሁትን ተቃውሞ በዚህም ላይ ማንሣት አለብኝ። ጥቁር ቆዳ የተፈጥሮ ጥላ አለው፤ መጨማደዱም ይዘገያል። ነገር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ በእርሻና በገበያ መንገድ ላይ የዋለች ሴት ያ ጥላ ብቻውን አይበቃትም። የምድጃውም ጢስ አለ። በቻይና ተደርጎ በ2015 የታተመ ጥናት በእንጨትና በከሰል በሚያበስሉ ሴቶች ላይ የፊት መጨማደድ በዝቶ መገኘቱን ገልጿል።

ስለዚህ ለአክስቴ ፊት ከፔፕታይድ ይልቅ ጃንጥላ፥ ሰፊ ባርኔጣና የጢስ መውጫ ያለው ምድጃ ይበጃሉ ብል አልተሳሳትሁም። እነዚህ ግን በወርቅ ቀለም አይጻፍባቸውም።

ለሁለተኛው ወገንም መልስ አለኝ። ቁንጅናን መፈለግ ቅንጦት አይደለም። በወሎ እናቶቻችን ቅቤ ይቀባሉ፤ ወይባ ይሞቃሉ፤ እጅና እግራቸውን እንሶስላ ይሞቃሉ። ማንም ሥራ ፈቶች ብሏቸው አያውቅም። ነቀፌታዬ በመዋብ ላይ ሳይሆን ባልተመረመረ ተስፋ ላይ ነው። ደግሞም በዚያው የሱቅ መደርደሪያ ላይ ከፔፕታይዱ አጠገብ ከእርሱ እጅግ የከፋ ነገር ተቀምጧል፤ ይኸውም ቆዳን ለማንጣት የሚሸጠው ቅባት ነው። ከዚህ ዓይነቱ ውስጥ ሜርኩሪ ያለበት ኩላሊት ይጎዳል፤ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለበትም ቆዳን ያሳሳል። ፔፕታይዱ የሚጎዳው ኪስን ነው፤ ያኛው ግን ሰውነትን ነው።

ምርመራዬን እንደጨረስሁ ለአክስቴ ስልክ ደወልሁላት። ፊቷን እንደማይመልስላት፥ ለማለስለስ ግን ደኅና መሆኑን ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ «እንግዲያ ለልጄ ምን ልበላት?» አለችኝ። «ገንዘቧን ታስቀምጥ፤ ሁለተኛ አትግዛ በያት» አልሁ። «እንዲህስ አልላትም» አለች። «ያች ልጅ የሰው ወለል አጥባ ያመጣችው ነው። ደስ ብሎኝ ተቀባሁት፤ ፊቴ ለሰለሰ እላታለሁ። ሐሰትም አይሆንብኝ፤ መለስለሱስ ለስልሷል» ብላ ዘጋችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምመላለስበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። እውነቱን ማወቄ ልክ ነበር፤ የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። ገንዘቡ ከተከፈለና የልጅ ፍቅር በብልቃጥ ታሽጎ ባሕር ከተሻገረ በኋላ እውነት መናገር እናትን ከማሳዘን በቀር ምን ይጠቅማል? መነገር የነበረበት ከመገዛቱ በፊት፥ ለልጅቱ፥ በምታነበው ቋንቋ ነበር። ያን የሚነግራት ማን ነው? ነጋዴው አይነግራትም። ከእኛ በቀር ማን አለ?

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የኬሚስትሪና የፋርማሲ ተማሪዎች ከእኛ ከቋንቋ ተማሪዎች ጋር ተጣምረው፥ በየሱቁ በሚሸጡ ቅባቶች ላይ የተጻፈውን በቀላል አማርኛ እየገለጹ በዚህ መጽሔት አንዳንድ ገጽ ይጻፉ። ምን አለበት? ምን ያህል ተመረመረ? ማን መረመረው? በርካሽ የሚተካው ምንድን ነው? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ጽሑፉንም ለዕረፍት ስንሄድ ወደየአገራችን ይዘን እንሂድ፤ ዐረብ አገር ላሉት እኅቶቻችንም በስልክ እንላክላቸው።

ያስተማሩን ሰዎች ብልቃጥ ዘርግተው «አንብብልኝ» ሲሉን፥ ከፊደሉ ያለፈ መልስ ልንሰጣቸው ይገባናል።