«ይሄዳል» የምትባል ፍሬን

ባለፈው እሁድ የእናቴን ቪትስ የፊት ፍሬን ሸራ ራሴ ልቀይር ግቢያችን ውስጥ ተንበረከክኩ። ጎማውን ስፈታ ምን አየሁ መሰላችሁ? የውስጠኛው ሸራ ብረቱ ሊነካ ደርሷል፤ የውጪው ገና አዲስ ነው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ዝጎ ተጣብቋል። ስለዚህ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ብቻ ሲገፋ ከርሟል።

ጎረቤታችን መጡና «መዶሻ አምጣ፣ አዲሱን ሸራ ክተትና እሰረው፣ ይሄዳል» አሉኝ። እናንተዬ፣ ይቺ «ይሄዳል» እኮ ናት የምትጨርሰን! በተጣበቀ ፒን ላይ አዲስ ሸራ ማሰር ብር ማቃጠል ነው። ዲስኩ ይግላል፣ መኪናውም ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል።

ካሊፐሩን በቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ አሰርኩት። ዲስኩን በጨርቅ ሸፍኜ ዝገት ማስለቀቂያ ነፋሁበት፣ ጠበቅኩ፣ ፒኑን ግራና ቀኝ እያሽከረከርኩ አወጣሁት። ዝገት በልቶታል። ከነላስቲኩ መቀየር አለበት። ተራ ግራሶ ደግሞ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፤ ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግራሶ ያስፈልጋል። ፒስተኑ ራሱ ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ ሳላፍር ባለሙያ እጠራ ነበር።

ዕቃው እስኪገዛ መኪናዋ ሰኞን ቆማ ዋለች። እናቴ በታክሲ ሄዳ ተኮሳትራ ተመለሰች። ትኮሳተር! ማክሰኞ ከእንጦጦ ስትወርድ የረገጠችው ግን እውነተኛ ፍሬን ነው።