ሪህ የወንዶች በሽታ ብቻ አይደለም

ማታ ከድግስ ተመልሶ ደህና የተኛ ሰው፣ እኩለ ሌሊት ላይ በእግሩ አውራ ጣት ሥር በሚሰማው ከባድ ሥቃይ ይነቃል። ጣቱ አብጧል፣ ቀልቷል፣ እንደ እሳትም ይፋጃል። ብርድ ልብሱ እንኳን ሲነካው አያስችለውም። ከቤተሰቡ ገሚሱ «ብርድ ነው» ይላል፤ ገሚሱ «ወለምታ ነው» ይላል። ሲነጋ ወጌሻ ይጠራና ያበጠው እግር ይታሻል፤ ሥቃዩም ይብሳል።

በአገራችን ማንኛውንም የመገጣጠሚያ ቁርጥማት «ሪህ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው ግን ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ሲበዛ ስለሚመጣው ሪህ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ፑሪን የተባለው ንጥረ ነገር በራሱ በሰውነታችንና በምንመገበው ምግብ ውስጥ ይገኛል። ይህ ንጥረ ነገር ሲፈራርስ ዩሪክ አሲድ ይሆናል፤ አብዛኛውንም ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ኩላሊት ማስወጣቱ ሲያዳግተው ወይም ምርቱ ሲበዛ ግን በደም ውስጥ ይከማችና እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሆኖ በመገጣጠሚያ ውስጥ ይረጋል። ሰውነት እነዚህን ቅንጣቶች እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲዋጋ እብጠቱና ቃጠሎው ይነሣል።

ለዚህ ከሚዳርጉት ነገሮች መካከል ዘር፣ ውፍረት፣ የኩላሊት ድካምና ሽንት የሚያበዙ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ይገኛሉ። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ዱለት፣ የበዛ ቀይ ሥጋ፣ ሰርዲን፣ ቢራና ሌላም የአልኮል መጠጥ፣ እንዲሁም ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥ ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ። ከጾም ፍቺ በኋላ በአንድ ጊዜ ሥጋና መጠጥ ማብዛት ለታማሚው አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሴቶችና ሪህ

«ሪህ የጌቶች በሽታ ነው» የሚለው የቆየ አነጋገር ብዙ እናቶችን አዘናግቷል። እውነት ነው፣ በወጣትነት ዕድሜ ሴቶች በዚህ በሽታ የሚያዙት ከስንት አንድ ነው። ይኸውም ኢስትሮጅን የተባለው የሴቶች ሆርሞን ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዲያስወጣ ስለሚረዳ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ሂፖክራተስም ሴት የወር አበባዋ ካልቆመ በስተቀር በሪህ እንደማትያዝ ጽፎ ነበር። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ግን ይህ ጥበቃ ይቀራል። በእናቶች ላይ ሕመሙ በአውራ ጣት ፈንታ በጉልበት፣ በቁርጭምጭሚት ወይም በእጅ ጣቶች ሊጀምር ስለሚችል «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ እናቶች መገጣጠሚያቸው በድንገት ቢያብጥ ለሐኪማቸው መንገር ይገባቸዋል። መድኃኒቱን ግን በራሳቸው ፈቃድ ማቆም የለባቸውም።

ሕክምናው

ሕመሙ በተነሣ ጊዜ እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለጥቂት ደቂቃ ማድረግና አለማሸት ይረዳል። ሐኪሙ እንደ በሽተኛው ሁኔታ ኮልቺሲን፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም እንደ ኢቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ያዛል። የጨጓራ ቁስል ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ማስታገሻውን ከመድኃኒት ቤት በራሱ ገዝቶ ቢወስድ ሊጎዳ ይችላል። ከእብጠቱ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ ግን መገጣጠሚያው መግል ይዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ሕመሙ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሥቃዩ ቢቆምም ዩሪክ አሲዱ ካልቀነሰ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፤ ውሎ አድሮም ከቆዳ በታች ጠጣር እባጭ ያወጣል፣ መገጣጠሚያን ያጣምማል፣ በኩላሊትም ጠጠር ይፈጥራል። ስለዚህ ሕመሙ ለሚመላለስበት ሰው ሐኪም እንደ አሎፑሪኖል ያለ ዩሪክ አሲድን የሚቀንስ እንክብል ያዛል። የሕክምናው ዓላማ መጠኑን በደም ዴሲ ሊትር ከ6 ሚሊ ግራም በታች ማድረግ ነው። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ይወሰዳል፤ ቆዳ ላይ ሽፍታ ካወጣ ግን ወዲያው አቁሞ ሐኪም ማማከር ግዴታ ነው። አሎፑሪኖል የተገኘው ገርትሩድ ኤሊዮን የተባለችው ሳይንቲስት ከጆርጅ ሂቺንግስ ጋር በሠራችበት ቤተ ሙከራ ነው። ሁለቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ከተጋሩት መካከል ናቸው።

በገበታችን ላይ

ሪህ ያለበት ሰው ባለበት ቤት ለብቻ ወጥ መሥራት አያስፈልግም። ሥጋውን መቀነስ፣ ጉበትና ዱለትን መተው፣ አትክልት ማዘውተር፣ ውኃ በብዛት መጠጣት ለመላው ቤተሰብ ይበጃል። ሽሮና ምስር ፑሪን ቢኖራቸውም በሽታውን እንደማያባብሱ ስለታወቀ ከገበታ አይራቁ። ቅባቱ የወጣለት ወተትም ጠቃሚ ነው። ውፍረትንም ቀስ በቀስ መቀነስ እንጂ በአንድ ጊዜ ራስን ማስራብ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ምግብ ብቻውን ግን መድኃኒትን አይተካም። ስለሆነም በሚቀጥለው ጊዜ ከቤተሰቡ አንዱ ሌሊት እግሬን ብሎ ቢነሣ፣ ወይም እናት ራሷ ጉልበቷ ቢያብጥ፣ ከወጌሻው በፊት የደም ምርመራ ለሚያደርገው ሐኪም ይቅደም።