የምንገዛው ሞተር ሳይክል ሰው የሚያፈናጥጥ ይሁን



ከየቤቱ በተዋጣው ገንዘብ የሚገዛው ሞተር ሳይክል ሰሞኑን ብዙ እያነጋገረን ነው። ዓላማው አንድ ነው፤ መኪና በማይወጣው ኮረኮንች ዳገታችን አዋላጅ ነርሷን ምጥ ከተያዘች እናት ዘንድ በጊዜ ማድረስ። እንግዲያው ስንመርጥ ከነጂው ይልቅ ከኋላ የሚፈናጠጠውን ሰው እናስብ እንላለን።

አንዳንዶቻችን ቁመቱ ዘለግ ያለውን፣ የውድድር የሚመስለውን አይተን ልባችን ተነሥቷል። ዳሩ ግን የእንዲህ ያለው መቀመጫ ብዙውን ጊዜ ጠባብ ነው፤ አንዳንዱማ ለተፈናጣጭ እግር ማሳረፊያ እንኳ የለውም። ማሳረፊያው የኋላውን ጎማ በያዘው ብረት ላይ ከተበየደ ደግሞ ጎማው በነጠረ ቁጥር እግርም አብሮ ይነጥራል። ሻንሲው ላይ የታሠረ ይሻላል።

ያገለገለ ያማሃ ዲቲ 125 ጉልበት አለው፤ ነገር ግን ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ከቤንዚኑ ጋር ዘይት ያቃጥላል። ኤጂ 100ም እንዲሁ ነው፤ ሆኖም ካቴናው የተሸፈነ በመሆኑ ጭቃና አቧራ ቶሎ አይበላውም። ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 ግን ባለ አራት ምት ነው፤ ከዚህ ወጪ ያድነናል። የትኛውም ቢሆን መለዋወጫው በአቅራቢያችን ካልተገኘ ርካሽነቱ ምን ይረባናል?

ስለዚህ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሁለት ሰው ጭኖ ዳገታችንን ይውጣ፣ ይውረድም፤ ፍሬኑና አሞርዛተሩ ይፈተሽ። የሁለት የራስ ቁር ዋጋም ከአሁኑ ይታሰብ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዳይሆንብን!

ከመዋጮ ከፋዮች