የቁስለኛው ድኩላ ዱካ

የዛሬው ወጋችን ስለ ጥይት ነው፤ ጠብመንጃ የማትወዱ ብትኖሩም እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ እንድትቆዩ እለምናለሁ።

የወንድሜ ልጅ ወደ ባሌ ወርዶ ለውጭ አገር አዳኞች ዱካ ፈላጊ ሆኗል። ሰሞኑን ስልክ ደውሎ፤ «ጋሼ፣ የደጋ አጋዘን ሳይሠቃይ ቶሎ የሚወድቀው በየትኛው ጥይት ነው? እንግዶቹ ማታ ማታ በዚሁ ነገር ይከራከራሉ» ሲል ጠየቀኝ። እኔም መልሱን ከባሌ አልጀመርኩለትም፤ ከኩልመስክ ጀመርኩለት።

በ1959 ዓ.ም. የ17 ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ከኩልመስክ በታች፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ፣ አንድ ወንድ ድኩላ ከወይራ ሥር ቆሞ አየን። በእጄ የያዝኩት ከጣሊያን ጦርነት ተርፎ ቤታችን የገባ ምንሽር ነው። ርቀቱ 200 እርምጃ ይሆናል። አጎቴ «ቅረብ እንጂ» አሉኝ፤ እኔ ግን አልሞ ተኳሽ መባል አማረኝና ቃታውን ሳብኩ። ድኩላው ጀርባውን አጎበጠና ወደ ገደሉ ወርዶ ጠፋ። ከቆመበት ስንደርስ ጥቂት ደምና አረንጓዴ ፈሳሽ አገኘን። አጎቴ በጣታቸው ነክተው አሸተቱትና «ጨጓራ ነው፤ ቁጭ እንበል» አሉ። አልሰማኋቸውም፤ እየሮጥኩ ተከተልኩት። እስኪመሽ ፈልገን አጣነው። በሦስተኛው ቀን የት እንዳለ ያመለከቱን አሞሮች ናቸው። ስንት ሰዓት እንዳጣጣረ እርሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ጥፋቱ አብዛኛው የእኔ ነው፤ የጥይቱም ድርሻ ግን ቀላል አይደለም። የምንሽሩ አረር 6.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ረጅምና ጠንካራ ብረት የለበሰ ነው። የተሠራው ለጦር ሜዳ ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. በሄግ ከተማ የተሰበሰቡ መንግሥታት፣ በሰው ገላ ውስጥ የሚሰፋ ወይም እንደ አበባ የሚከፈት አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ተስማምተዋል። ስለዚህ የወታደር ጥይት ሥጋን በስቶ ያልፋል እንጂ አይከፈትም። ወታደሩ ቆስሎ ወደ ሐኪም ሊሄድ ይችላል፤ ድኩላ ግን ሐኪም የለውም። ለጦርነት የተከለከለው አረር ለአደን የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አባቶቻችን ይህን ሳያነቡ ያውቁት ነበር። ከዓድዋ በፊት በብዛት የገባው ውጅግራ (ስሙ ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት የመጣ ነው) 11 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ግራም ያህል ክብደት ያለው፣ ብረት ያልለበሰ እርሳስ ነበር የሚተኩሰው። ፍጥነቱ ትንሽ ነው፤ ጭሱም ተኳሹን ያጋልጣል። ነገር ግን ለስላሳው እርሳስ ሥጋ ሲነካ ይሰፋል። አጎቴ ምንሽሩን ለእኔ ሰጥተው ውጅግራውን ለራሳቸው ያስቀሩት ያለ ነገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ ለስላሳነትም ልክ አለው። በ1946 እ.ኤ.አ. ጆን ኖዝለር የተባለ አሜሪካዊ በካናዳ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ ዋላ ትከሻውን ቢመታው፣ ፈጣኑ አረር ጭቃ በተለጠፈበት ቆዳ ላይ ተበታተነና ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ቀረ። ሰውየው አገሩ ገብቶ፣ በመካከሉ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ፤ ፊቱ ይከፈታል፣ ኋላው ግን ሳይበተን ይዘልቃል። በ1948 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጣው፤ ዛሬም ይሸጣል።

እንግዲህ የደጋ አጋዘን ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ሊጠፉ ይችላሉ ተብለው ከሚሰጋላቸው እንስሳት አንዱ በመሆኑ፣ የሚታደነው በተከለለ ቦታ፣ በልዩ ፈቃድና በተቈረጠ ቍጥር ነው። ለዚህ አውሬ ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚሉት ጠብመንጃ፣ ከ10 እስከ 12 ግራም ከሚመዝን፣ ተከፍቶ ከማይበታተን አረር ጋር ይበቃል። አሜሪካኖች ኤልክ የሚሉትን ዋላቸውንም የሚያድኑት በዚሁ ነው። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ ከተገኘ ይመረጣል፤ የእርሳስ ስብርባሪ በተጣለ ሆድ ዕቃ ውስጥ ቀርቶ ጥንብ አንሳዎችን ይመርዛልና።

ከዚህ የሚበልጥ ጠብመንጃ የሚፈልጉ አሉ። እኔ አልመክርም። ትከሻ የሚያነጥፍ ጠብመንጃ የያዘ ሰው ገና ቃታውን ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል። ዋልተር ቤል የተባለው የስኮትላንድ ሰው ከ1,000 በላይ ዝሆን የገደለው በአብዛኛው በ7 ሚሊ ሜትር ጠብመንጃ ነበር፤ የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንደሆነ ካጠና በኋላ። (ለዝሆን አጥንት ጠንካራው አረር ነው የሚያስፈልገው፤ ለአጋዘን ግን አይሆንም።)

ታዲያ የት ይመታ? እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም የፊት ወርቹን የኋላ ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ ከደረቱ ሥር የሰውነቱን ቁመት ሢሶ ስትደርሱ አቁሙ። ልብ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ሳንባ ደግሞ ዙሪያውን ይገኛል። ትንሽ ብትስቱ እንኳ ሳንባው ሰፊ ስለሆነ ይቅር ይላችኋል። ራስ ላይ የሚተኩስ ሰው ግን መንጋጋ ሰብሮ፣ እንስሳውን በረኃብ እንዲሞት ሊሰደው ይችላል። ፊቱን ወይም ጀርባውን ከሰጣችሁ ጠብቁ፤ ጎኑን ካልሰጠ ይሂድ።

በላስታም ሆነ በባሌ መሬቱ ተዳፋት ነው። ሽቅብም ሆነ ቍልቍል ሲተኮስ አረሩ ከታሰበው ከፍ ብሎ ይመታል። በ45 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 300 ሜትር የሚርቅን እንስሳ 210 ሜትር ላይ እንዳለ ቍጠሩት። እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ከተተኮሰ በኋላ አትሩጡ። ልቡ የተመታ እንኳ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ራሱን ሳይስት 100 ሜትር ሊሮጥ ይችላል። አረፋ ያለው ቀላ ያለ ደም ካያችሁ ሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ ሂዱ፣ ቅርብ ወድቆ ታገኙታላችሁ። ጠቆር ያለ ከሆነ ጉበት ነው፤ ጥቂት ሰዓት ታገሡ። አረንጓዴ ከሆነ ግማሽ ቀን ጠብቁ፤ ያልተሳደደ ቁስለኛ አጠገብ ይተኛል፣ የተሳደደ ግን እንደ እኔ ድኩላ ገደል ለገደል ይሄዳል።

ዛሬ በላስታ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ክልክል ነው፤ አቡነ ዮሴፍ ተራራም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚጠበቁበት ሥፍራ ሆኗል። በዚያን ዘመን ግን የከለከሉኝ አጎቴ ናቸው። ምንሽሩን አልቀሙኝም፤ ጥይቱን ቀሙኝ። ዓመት ሙሉ ባዶ ጠብመንጃ አሸክመው ድኩላ ያስቀርቡኝ ነበር። በ60 እርምጃ ስንደርስ ወገቤን መታ አድርገው «አሁን ብትተኩስ የት ነበር?» ይሉኛል፤ በጣቴ አሳያቸዋለሁ። እሳቸውም ጣቴን ይዘው፣ ድኩላው እንዳይደነብር ቀስ ብለው፣ ትንሽ ወደ ታች ዝቅ ያደርጉታል።