የተወለዱበት ወር አበባ

ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን የአሥራ ሦስቱን ወራት ስም ማንበብና መጻፍ ለምዳችኋል። ዛሬ ከወራት ጋር አብረን የምናየው አበባን ነው። «አበባ ደግሞ ለገበሬ ምን ይፈይድለታል?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታገሡንና እስከ ታች ድረስ አብረን እናንብብ።

በአውሮፓና በአሜሪካ ለእያንዳንዱ ወር አንድ አበባ ተመድቦለታል። ልጅ ሲወለድ የወሩን አበባ በካርድ ላይ ሥለው ለእናትየዋ የሚሰጡ አሉ። ጁን በሚሉት ወር ለተወለደ ሰው አበባው ጽጌረዳ ነው፤ ትርጉሙም ፍቅር ነው ይላሉ። ሴፕቴምበር የሚሉት ወር ከእኛ ነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም 20 ቀን ገደማ ይዘልቃል። የዚያ ወር አበባ አስተር ይባላል። አስተር የአደይ አበባ ዘመድ ነው። ኑግም የዚያው ቤተሰብ ነው። ሦስቱም መካከላቸው ክብ ነው፤ ዙሪያቸውን ቅጠል ተሰክቶበታል።

በእኛ አገር አበባን ለወር የመደበ ሹም የለም። የመደቡት ዝናቡና መሬቱ ናቸው። እንዲያውም የእኛው ይበልጣል እንላለን። የፈረንጁን የወር አበባ ለማወቅ ካርድ መግዛት ያስፈልጋል። የፎገራን ለማወቅ ግን ከደጅ ወጥቶ ማሳውን ማየት ይበቃል።

ከመስከረም እንጀምር። የርብና የጉማራ ውሃ ከሜዳው ተጠርጎ ሳያልቅ፣ ጋራውና የማሳው ዳር በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። አደይ ዓመቱን ሙሉ አይታይም። ዝናብ ጠግቦ ፀሐይ ሲያገኝ ብቅ ይላል፤ ብዙም ሳይቆይ ይረግፋል። ትርጉሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ክረምት አለፈ፣ ዘመን ተለወጠ ማለት ነው። ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ በእጃቸው የሚይዙት እሱን ነው። በከተማ ደሞ ወንዶች ልጆች አደይን፣ ፀሐይንና መልአክን በወረቀት ላይ በቀለም ሥለው በእንቁጣጣሽ ጠዋት ከቤት ቤት ይዞራሉ። ስዕሉን ሰጥተው ሳንቲም ይቀበላሉ። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ወርኃ ጽጌ ትለዋለች። ጽጌ በግዕዝ አበባ ማለት ነው። በየመንደራችሁ ጽጌ፣ አደይ ወይም አበባ የሚባሉ ሴቶች ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። ስማቸው የተወለዱበትን ጊዜ የሚናገርላቸው አሉ።

ጥቅምት የኑግ ነው። ቢጫነቱ ከሩቅ ከአደይ ጋር ያሳስታል። ልዩነቱ አደይ ወፍ ዘራሽ ሲሆን ኑግ ግን ሰው የዘራው መሆኑ ነው። ንቡ ሁሉ ወደ እሱ ይተማል። የኑግ አበባ ትርጉሙ ምንድን ነው ብትሉን፣ ዘይትና ማር ነው እንላለን። በዚያው ሰሞን ሩዙም ያብባል፤ ነገር ግን ማንም ልብ አይለውም። የሩዝ አበባ ደቃቅ ነው። እያንዳንዷ አበባ የምትከፈተው እኩለ ቀን ገደማ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የፎገራን ሜዳ ያስጠራው ሰብል አበባው እንዲህ ዓይን የማይሞላ መሆኑ ይገርማል።

ኅዳርና ታኅሣሥ የሽምብራና የጓያ ናቸው። ሁለቱም ዝናቡ ካለፈ በኋላ በመሬቱ እርጥበት የሚያድጉ ናቸው። የአገሩ ሽምብራ አበባ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ የጓያው ሰማያዊ ነው። በጋው ሲከር ቆርች ቅጠሉን አራግፎ በቀይ አበባ ብቻ ይቆማል። በሚያዝያ ባሕር ዳር የሄደ ሰው ደግሞ ጃካራንዳው መንገዱን ወይን ጠጅ ሲያለብሰው ያያል። ሰኔና ሐምሌ የጭቃና የአረም ወራት ናቸው፤ ማን አበባ ያያል!

ወይን ጠጅ ቀለም ካነሣን፣ የእምቦጭም አበባ ወይን ጠጅ ነው። ማማሩንስ ያምራል። ነገር ግን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ ከታየ ወዲህ በፎገራ በኩል ያለውን ዳርቻ ጭምር ወርሮ ዓሣ አጥማጁንና ከብቱን አስቸግሯል። ለማንም ልጅ የልደት አበባ አድርገን አንሰጠውም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። አንዲት እናት ልጇን ለማስመዝገብ ቀበሌ ሄደች እንበል።

«እናቴ፣ ልጅዎ መቼ ተወለደች?» ይላል ጸሐፊው።

«ኑግ ሲያብብ ነው፣ ልጄ።»

«ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ይንገሩኝ እንጂ።»

«እሱን እንግዲህ ፈጣሪ ያውቃል።»

ጸሐፊው የመሰለውን ቀን ይሞላል። በዚች እናት የሚስቅ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን አንስቅም። መልስ ሰጥታለች እኮ! ኑግ ሲያብብ ማለቷ ጥቅምት ማለቷ ነው። የጎደለው ቀኑና ዓመቱ ብቻ ነው። እነሱንም ቢሆን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል።

ቀኑን በበዓል ፈልጉት። ከመስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከኅዳር ሚካኤል በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሙስሊሞች ወገኖቻችን በመውሊድ ወይም በረመዳን ቢያስታውሱ፣ ዓመቱንም አብረው መያዝ አለባቸው። የጨረቃው አቆጣጠር በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚቀድም፣ ረመዳን አንድ ጊዜ በአደይ ወራት፣ ሌላ ጊዜ በቆርች ወራት ይውላል። ዓመቱን ደሞ አገር በሚያውቀው ነገር ፈልጉት። ለምሳሌ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ የፎገራን ሜዳ አጥለቅልቆ ነበር። ያየው ሰው አይረሳውም። «ከጎርፉ በኋላ፣ አደይ ሲያብብ፣ ለመስቀል ሳምንት ሲቀረው» የምትል እናት መስከረም 10 ቀን 1999 ዓ.ም. አካባቢ ማለቷ ነው። እስቲ ደብተራችሁን አውጡና 1999 ላይ 18 ደምሩ። 2017 ይመጣል። ያ ልጅ 18 ዓመት የሞላው በመስከረም 2017 ዓ.ም. ነው።

18ን ያነሣነው በምክንያት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አደረገው። ሕጉ ይህን ይበል እንጂ፣ ዕድሜዋ ያልተጻፈ ልጅ ዕድሜዋን ሌላ ሰው ይቆጥርላታል። ሽማግሌ የተላከ ዕለት የ13 ዓመቷ ልጅ «ደርሳለች» ትባላለች። ቁመቷ ምስክር ይሆንባታል። ያን ጊዜ እናትየዋ «ኑግ ሲያብብ ነው የወለድኳት» ብትል ማን ይሰማታል? የስንት ዓመት ኑግ? ቀኑን የጻፈች እናት ግን ወረቀቱን አውጥታ «ይኸው፣ አልደረሰችም» ትላለች።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በተወለዱ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዘዘ። በአዋጁ መሠረት ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። 90 ቀን በእኛ አቆጣጠር ልክ ሦስት ወር ነው። ጥቅምት 10 ቀን የተወለደች ልጅ 90 ቀኗ የሚሞላው ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት ነው። ኑግ ሲያብብ የወለደ ሰው ከጥምቀት በፊት ቀበሌ ይድረስ ማለት ነው። ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ሄዶ ይጠይቅ።

ለቤታችሁ ደግሞ አንድ ወረቀት ራሳችሁ አዘጋጁ። ከላይ የልጁን ወር አበባ ሣሉ፤ ከታች ስሙን፣ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። ስዕሉ ለምን አስፈለገ? ጽሕፈት ብቻ ያለበት ወረቀት በርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። ስዕል ያለበትን ግን ማንም አይጥለውም። ደግሞም ማንበብ ያልጀመረች አያት አበባውን አይታ ወሩን ታውቀዋለች።

ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የውሃ ቀለም ያገኘ ይግዛ። ያላገኘ ከቤቱ ይሥራ። እርድ በለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ በጨርቅ ብታጠልሉት ጥሩ ቢጫ ይወጣዋል። የቀይ ሥር ውሃ ለሽምብራ አበባ ይሆናል። ጎመን ወቅጣችሁ ብትጨምቁ አረንጓዴ ታገኛላችሁ። ቁልቋል ግን አትንኩ፤ ወተቱ ዓይን ያጠፋል። ለጥቁሩ ከሰል አልማችሁ በውሃ አሹት። ቀለሙ ወረቀቱን እንዲይዝ ጥቂት የግራር ሙጫ በውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩበት። በሱቅ የሚሸጠውንም የውሃ ቀለም አጣብቆ የሚይዘው የግራር ሙጫ ነው። ብሩሽ የሌለው ሰው የቀጭን እንጨት ጫፍ አኝኮ ያፍታታው።

አበባውን አንድ ብቻ ቅጠፉና ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡ። ዙሪያውን ያሉትን ቅጠሎች ቁጠሩ፤ ከልባችሁ አትሣሉ። በእርሳስ ስስ አድርጋችሁ ንደፉ። ሁልጊዜ ከስሱ ቀለም ጀምሩ። ቀለሙን በውሃ አቅጥኑና ቅጠሎቹን ቢጫ ቀቡ፤ ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ ወፈር ባለ ቢጫ ወደ መካከሉ ያለውን አጥቁሩ። ሳይደርቅ የነካ ሰው ሁሉም ይቀላቀልበታል። ነጭ ቀለም አያስፈልግም፤ ነጭ እንዲሆን የምትፈልጉትን ቦታ ሳትቀቡ ተዉት።

ጽሕፈቱን በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ጻፉ፤ እርሳስ በጊዜ ብዛት ይጠፋል። እርድ ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛልና ወረቀቱን ከምድጃው ጢስና ከደጁ ፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። ከቀበሌ የተሰጣችሁን የልደት የምስክር ወረቀት ግን ግድግዳ ላይ አትለጥፉት። በፌስታል ጠቅልላችሁ ሣጥን ውስጥ አኑሩት።