ቴፑ ስንት ላይ ይቁም?

ካርቲየ 1 ከጅቡቲ ከተማ የቆዩ ሠፈሮች አንዱ ነው። የጣውላና የቆርቆሮ ቤቶቹ ተጠጋግተው ስለተሠሩ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚለየው ብዙ ጊዜ ስስ ግድግዳ ነው። በሐምሌ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ በርና መስኮት ይከፈታል፣ ቬንትሌተሩም ሲጮኽ ይውላል። ቴፕ የከፈተው ሰው ያን ጩኸት ለመብለጥ ድምፁን ይጨምራል፤ ጎረቤቱ ደግሞ እሱን ለመብለጥ።

እንዲህ ባለ ሠፈር ልኩን ማዞሪያው ላይ የተጻፈው ቁጥር አይነግርም። ልኩን የሚያውቀው ከግድግዳው ማዶ የተኛው ሰው ነው።

ቴፕ የሚያስጮኸውን ሁሉ ግን ባለጌ ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ፍሌቸርና ማንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ ከሁሉ በፊት ከጆሮ የሚርቀው ቤዙ ነው። የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ዝቅ አድርጎ የከፈተ ሰው ድምፃዊውን ይሰማል፤ ቤዝ ጊታሩ ግን ይጠፋበታል። እሱን ፍለጋ ቮሊዩሙን ይጨምራል። በብዙ የቆዩ አምፕሊፋየሮች ላይ ያለው የ«ላውድነስ» ቁልፍ የተሠራውም ለዚሁ ነው፤ ዝቅ ብሎ ለሚሰማ ሙዚቃ ቤዙን ያጎላል። ጥፋቱ ቁልፉን እንደተጫኑ ትቶ ድምፁን ማስጮኽ ነው። ቤዝን ስስ ግድግዳ አያቆመውም። ጎረቤት ዘፈኑ ሳይደርሰው ድምድምታው ብቻ ይደርሰዋል፤ ቆርቆሮውን በእጁ ቢነካው ሲንቀጠቀጥ ያገኘዋል።

የክፍሉ ማዕዘን ቤዝን ስለሚያበዛ ስፒከሩን ከዚያ ማውጣት፣ ከጎረቤት ጋር ከሚጋሩት ግድግዳ ማራቅ፣ ወንበርንም ወደ ስፒከሩ ማስጠጋት ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚያ ዘፈኑን እንደከፈቱ ወጥቶ ጎረቤት በር ላይ መቆም ነው። ግጥሙ እዚያ ድረስ ቃል በቃል ከተሰማ፣ ወይም ቤዙ ብቻውን ከደበደበ፣ መቀነስ የግድ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በጎረቤት አገር ኢትዮጵያ ለመኖሪያ ሠፈር የተቀመጠው የድምፅ ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው።

የባለ ቴፑ ጆሮም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጣሪያ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ላይ ሲደረስ ለሳምንቱ የሚቀረው 4 ሰዓት ብቻ ነው። ለልጆች መነሻው 75 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ ልጅ ባለበት ቤት ቮሊዩሙ መመጠን ያለበት ለልጁ ጆሮ ነው፤ ወላጅ ይህን ሊከራከርበት አይገባም።