ያ አምስት ዶላር ከደግነት ነበር?

ባለፈው ሴሚስተር ስለ ፎርድ ሞዴል ቲ አጭር ጽሑፍ ሠርቼ ነበር። ሄንሪ ፎርድ ለሠራተኛው አዝኖ ደመወዙን በእጥፍ ጨመረለት ብዬ ጻፍኩ፤ ጥሩ ማርክም አገኘሁበት። አሁን ሳነበው አፍራለሁ።

መኪናዋ በ1908 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስትወጣ ዋጋዋ 850 ዶላር ነበር። በ1925 ግን 260 ዶላር ገባች። ይህን የማያደንቅ የለም። እስቲ ደግሞ ዲትሮይት አጠገብ ወዳለው የሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ እንግባ። በ1913 ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር ሲጀመር፣ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው የሻንሲ መገጣጠም ብዙም ሳይቆይ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ሠራተኛው ታዲያ ቀኑን ሙሉ ያችኑ አንድ ብሎን ሲያጠብቅ ይውላል። ማን ይችለዋል? ጥሎ ይሄዳል! በዚያ ዓመት ወደ 14 ሺህ ሠራተኛ ለማቆየት ከ50 ሺህ በላይ ሰው መቅጠር ግድ ሆነ።

በቀን 5 ዶላር የታወጀው ከዚህ በኋላ፣ በ1914 መጀመሪያ ነው። እሱንም ለማግኘት የኩባንያው መርማሪዎች ቤት ድረስ መጥተው አኗኗርህን፣ መጠጥህን፣ ቁጠባህን ያያሉ።

እኔ በበኩሌ ፎርድ ክፉ ሰው ነበር አልልም። ግን የመኪናዋን መርከስ በጻፍንበት ገጽ ላይ፣ ጥለው የሄዱትም ሰዎች ቦታ ሊኖራቸው ይገባል። ጽሑፌን አስተካክዬ ለመምህሬ መልሼ ልሰጥ ነው። ማርኩን ቢቀንሱብኝም ይቀንሱ።